አድማ ብንመታ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጡብኝ ይሆን?

የአንባቢ ደብዳቤ

ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ፣

አሜሪካ ከገባሁ 11 ዓመቴ ነው። 9ኙን ዓመት የሰራሁት አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፣ ክፍል አጸዳለሁ። ዩኒየን አለን። እኔም አባል ነኝ፣ ግን እውነቱን ለመናገር መዋጮው ከቼኬ ላይ ሲቆረጥ ከማየት በስተቀር ብዙም ተከታትዬው አላውቅም። ኮንትራታችን ካለቀ ሁለት ወር ሆነው፣ ድርድሩም አልሄደም። ባለፈው ሳምንት ድምፅ ሰጠንና አብዛኛው ሰው አድማ ይመታ አለ። እኔም ሰው ሁሉ ሲል አልኩ።

በማግስቱ ምሳ የምንበላበት ክፍል ውስጥ፣ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከምንመታበት ማሽን አጠገብ፣ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። ድርጅቱ አድማ የሚመቱ ሰራተኞችን በቋሚነት የመተካት ህጋዊ መብት አለው ይላል። «በቋሚነት» የምትለዋ ቃል ደመቅ ብላ ተጽፋለች። ሱፐርቫይዘሬ ደግሞ ለብቻዬ ጠርታ፣ «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ ይሄን ነገር የሚያራግቡት እነማን እንደሆኑ እናውቃለን፣ ከነሱ ጋር ከወጣሽ ግን ስራሽን አጣሽው ማለት ነው» አለችኝ።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ፣ የአክስቴ ልጅ እኛ ቤት ናት። ከመጣች 5 ወሯ ነው፣ ሳሎን ሶፋው ላይ ነው የምትተኛው። የስራ ፈቃዷ ገና አሁን ነው የደረሰው። ትናንት ማታ እየሳቀች መጥታ ስልኳን አሳየችኝ። ከአንድ ኤጀንሲ ቴክስት መጥቶላታል። የሆቴል ክፍል ጽዳት፣ ለጊዜው፣ ቶሎ የሚጀመር ይላል፣ ክፍያው ከኔ ይበልጣል። አድራሻውን ሳየው የኔው ሆቴል ነው። እሷ አላወቀችም። እኔም «ጎሽ» ብያት ወደ መኝታ ቤት ገባሁ።

ባለቤቴ «አድማ ለኛ ዓይነቱ አይሆንም፣ ሰው አገር ነው ያለነው» ይላል። የዜግነት ማመልከቻ አስገብቼ ኢንተርቪው እየጠበቅኩ ነው። የልጆቼ ኢንሹራንስ በኔ ስራ ነው። እውነት ሊተኩን ይችላሉ? ልውጣ ወይስ ልግባ? ይቺን ልጅስ ምን ልበላት?

ግራ የገባኝ እናት

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ከተለጠፈው ወረቀት ይልቅ ልቤን የያዘችው ያቺ «ጎሽ» ናት። ልጅቷ ደስ ብሏት ስልኳን ስትዘረጋልሽ አንቺ አድራሻውን አይተሽ ፊትሽን እንዴት እንደሰበሰብሽው ታየኝ። ወደሷ እንመለሳለን። መጀመሪያ ግን እንቅልፍ የነሳሽን ነገር በግልፅ እንየው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ቢሆንም ይሄን ህግ በራሴ ላይ ደርሶ በግድ ተምሬዋለሁ። አንድ ጊዜ እኔም እንዲህ ዓይነት ወረቀት ተለጥፎብኝ ቆሜ ሳነብ ቡናዬ እጄ ላይ ቀዝቅዟል።

አጭሩ መልስ፣ አዎ፣ ሊተኩሽ ይችላሉ። አድማ ስለመታሽ ብለው ሊያባርሩሽ ግን አይችሉም። ለኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፣ «ያው ቤቴ አይደል የምገባው» ትይኝ ይሆናል። አይደሉም።

በአሜሪካ በግል ድርጅት የሚሰራ ሰው አድማ የመምታት መብቱ የሚጠበቀው እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣው ብሔራዊ የሰራተኛ ግንኙነት ህግ ነው። ሶስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1938፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ማካይ ሬዲዮ የሚባል የቴሌግራፍ ኩባንያ ጉዳይ ቀረበለት። ሳን ፍራንሲስኮ ያሉት ሰራተኞች አድማ መቱ፣ ኩባንያው ከሌላ ከተማ ሰው አምጥቶ ሸፈነ፣ አድማው ሲከሽፍ ደግሞ አብዛኞቹን መልሶ ዩኒየን ላይ ጠንከር ያሉትን 5 ሰዎች አስቀረ። ፍርድ ቤቱ ለ5ቱ ሰዎች ፈረደላቸው። እነዚህን መርጣችሁ ማስቀረታችሁ አድልዎ ነው አለ። ግን እግረ መንገዱን፣ ድርጅቱ ስራው እንዳይቆም ብሎ አድማ በመቱት ቦታ ሰው ቢቀጥርና ለተተኪዎቹ ቦታውን ቢያስቀጥልላቸው ጥፋት አይደለም አለ። ሰራተኛው ያሸነፈበት ክስ ውስጥ በጎን የገባች ነገር፣ ይኸው እስከዛሬ ምሳ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ትለጠፋለች። (ካናዳ ብትሆኚ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ኪውቤክ ከ1977 ጀምሮ አድማ ላይ ያለን ሰራተኛ መተካት ከልክላለች፣ የካናዳ ፌዴራል መንግስትም በስሩ ባሉ ዘርፎች ከጁን 2025 ጀምሮ ከልክሏል።)

ስለዚህ ወረቀቱ አልዋሸም። ግን ግማሹን ነው የነገረሽ።

ያልነገረሽ አንደኛው ነገር፣ መልሱ የሚወሰነው አድማው በምን ምክንያት እንደተመታ ነው። አድማው ለደመወዝ፣ ለኢንሹራንስ፣ ለስራ ጫና ከሆነ «የኢኮኖሚ አድማ» ይባላል፣ ቋሚ ተተኪ መቅጠር የሚፈቀደው እዚህ ላይ ነው። ድርጅቱ ህግ ጥሶ ከሆነና ሰራተኛው የወጣበት አንዱ ምክንያት ያ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ በቅን ልቦና አልደራደርም ብሎ ወይም ሰው በዩኒየን ምክንያት አስፈራርቶና ቀጥቶ ከሆነ፣ «የህግ ጥሰት አድማ» ይባላል፣ በቋሚነት መተካትም አይቻልም። ያለ ቅድመ ሁኔታ እንመለሳለን ባላችሁ ጊዜ፣ ተተኪዎቹን ማሰናበት ቢኖርበት እንኳ አሰናብቶ እናንተን መመለስ አለበት። ዩኒየኖች አድማ ሲጠሩ ምክንያቱን በጥንቃቄ የሚጽፉት ለዚህ ነው። የናንተ ዩኒየን ምን ብሎ ነው የጠራው? በደብዳቤሽ ላይ የለም። እኔ ብሆን ነገ ጠዋት መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው።

እዚህ ላይ ሱፐርቫይዘርሽ ትመጣለች። ወረቀቱ «ልንተካችሁ እንችላለን» ማለቱ በህግ ይፈቀድለታል። «ከወጣሽ ስራሽን አጣሽው» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ምክንያቱም እውነት አይደለም፣ ማስፈራሪያ ተደርጎ ሊወሰድም ይችላል። «የሚያራግቡትን እናውቃለን» የሚለውም ጥሩ ሽታ የለውም። አሁኑኑ ይሄን ማንበብ አቁመሽ ወረቀትና እስክሪብቶ አንሺና ያለችሽን ቃል በቃል ጻፊው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደነበራችሁ፣ በምን ቋንቋ እንደተናገረች፣ በር ላይ ማን እንዳለፈ ሳይቀር። ለዩኒየን ተወካይሽ አሳያት። ለብሔራዊ የሰራተኛ ግንኙነት ቦርድ አቤቱታ ማስገባት ይቻላል፣ ገንዘብ አይከፈልበትም፣ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመ በ6 ወር ውስጥ መሆን አለበት። ይሄ ብቻውን አድማችሁን የህግ ጥሰት አድማ ያደርገዋል ብዬ አልነግርሽም፣ ያን የሚለዩት ባለሙያዎች ናቸው። ሳይጻፍ ከቀረ ግን ማንም ሊጠቀምበት አይችልም።

ሁለተኛው ያልተነገረሽ ነገር፣ ክፉው ቢመጣና አድማው የኢኮኖሚ ነው ቢባል፣ በቦታሽም ቋሚ ሰው ቢገባ፣ አሁንም የድርጅቱ ሰራተኛ ነሽ። አድማው ሲያበቃ ያለ ቅድመ ሁኔታ እመለሳለሁ ካልሽ (ብዙ ጊዜ ዩኒየኑ ለሁሉም በአንድ ደብዳቤ ያቀርበዋል) ክፍት ቦታ ካለ ይመልሱሻል፣ ከሌለ ስምሽ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ተተኪዋ ስትለቅ ወይም ቦታ ሲከፈት ከውጭ ሰው ከመቅጠራቸው በፊት አንቺን መጥራት አለባቸው፣ ተመጣጣኝ ቋሚ ስራ ሌላ ቦታ ካላገኘሽ በስተቀር። ይሄ ከ1968 ጀምሮ የቆመ መርህ ነው። ሆቴል ውስጥ ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚለቅ ከኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። በ9 ዓመት ውስጥ ካንቺ ጋር የጀመሩት ስንቶቹ ቀርተዋል?

መብት አለ ማለት ግን ነገ ጠዋት ጋሪሽን እየገፋሽ ትገቢያለሽ ማለት አይደለም። ድር ቢያብር ምናምን ብዬ ልሸነግልሽ አልፈልግም። ዝርዝር ውስጥ መጠበቅ ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ የቤት ኪራይ ደግሞ አይጠብቅም። ቺካጎ ውስጥ ኮንግረስ ሆቴል ላይ ወደ 130 የሚሆኑ ሰራተኞች በ2003 የጀመሩት አድማ 10 ዓመት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ በ2013፣ የፈለጉትን ሳያገኙ ነው ያበቃው። ሆቴሉ በሌላ ሰው ሲሰራ ኖረ። በሌላ በኩል ደግሞ በ2021 ኬሎግ የቁርስ እህል ፋብሪካዎቹ ላይ አድማ የመቱትን 1,400 ገደማ ሰራተኞች በቋሚነት እተካለሁ ብሎ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ በይፋ አሳወቀ፣ ጉዳዩ ፕሬዚዳንቱ ድረስ ደረሰ፣ ወሩ ሳያልቅ ስምምነት ተፈርሞ ሰዎቹ ተመለሱ። የትኛው ይደርሳችኋል? እኔ አላውቅም። የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ቢያንስ ፍንጩን። ሆቴሉ በዚህ ወቅት ሙሉ ነው ወይስ ባዶ? ከመቶ ሰው ስንቱ ይወጣል? ኩሽናውና እንግዳ መቀበያው አብሯችሁ ነው? ሀውስኪፒንግ ብቻውን ወጥቶ ሌላው ውስጥ ከቀረ ታሪኩ ሌላ ነው።

ባልሽን አልቀየመውም። የፈራው ለልጆቹ ነው። በዚያ ላይ «አድማ» የሚለው ቃላችን ራሱ ያስፈራል። አድመኛ ስንል ክፉ ሰው ማለታችን ነው፣ አድማ በታኝ ስንል ደግሞ ቆመጥ የያዘ ፖሊስ ነው የሚታየን። በዚህ ቃል ያደገ ሰው ደንገጥ ቢል አይፈረድበትም። ግን ህጉ ዜጋና ግሪን ካርድ ያዥ ብሎ አይለይም። የዜግነት ማመልከቻው ላይም አድማ መትተሽ ታውቂያለሽ ወይ የሚል ጥያቄ የለም። የሚጠየቀው ስለ መታሰርና ስለ መከሰስ ነው። ስለዚህ ሰልፉ ላይ ብትቆሚ በር አትዝጊ፣ መኪና አታስቁሚ፣ ከሚገባ ሰው ጋር አትጓተቺ። አንዳንድ ጊዜ ዩኒየኖች ሆን ብለው መንገድ ላይ ቁጭ ብለው የሚታሰሩበት ፕሮግራም ያዘጋጃሉ። ለሌላው ጀግንነት ነው፣ ኢንተርቪው ለምትጠብቅ ላንቺ ግን ከጠበቃሽ ሳትማከሪ የምትገቢበት አይደለም። ይቅርብኝ ብትይ ማንም አይቀየምሽም። ስራ ላይ ሆኖ ሆን ብሎ ማዘግየት ወይም ክፍል ተቀምጦ አልወጣም ማለትም ጥበቃ የለውም፣ ስለዚህ በንዴት እንዳትሞክሪው። ደግሞ ኮንትራቱ በእርግጥ አብቅቷል ወይስ ተራዝሟል? ብዙ ኮንትራቶች እስካሉ ድረስ አድማ አይመታም የሚል አንቀጽ አላቸው፣ ያ ካለ ከላይ ያልኩሽ ሁሉ ይለወጣል። አብቅቷል ብለሻል፣ ግን ከተወካይሽ አፍ ስሚው።

አሁን ገንዘብ። እዚህ ላይ ቁጭ ብላችሁ ከባልሽ ጋር ብታሰሉት ደስ ይለኛል፣ በተለይ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ቴሌቪዥኑ ተዘግቶ። ስንት ሳምንት ያለ ቼክሽ ትቆያላችሁ? ዩኒየኑ የአድማ ፈንድ አለው? ከስንተኛው ቀን ጀምሮ ይከፍላል፣ ሰልፍ ላይ ስንት ሰዓት መቆም ይጠይቃል? የስራ አጥ ድጎማን በተመለከተ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲን የመሳሰሉ ጥቂት ስቴቶች አድማ ላይ ላለ ሰው ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ይሰጣሉ፣ አብዛኛዎቹ አይሰጡም፣ የስቴትሽን ስራ ቢሮ መጠየቅ ነው። ኢንሹራንሱ ከሁሉም ያሳስበኛል። ድርጅቱ በአድማ ወቅት ክፍያውን ሊያቆም ይችላል። የናንተ ኢንሹራንስ በዩኒየኑ ፈንድ በኩል ከሆነ ደግሞ አስቀድመሽ በሰራሽው ሰዓት የተወሰነ ጊዜ ሊሸፍን ይችላል። በራስ ኪስ ከፍሎ ማስቀጠልም አለ፣ ኮብራ የሚሉት፣ ግን ውድ ነው። አንድ ስልክ ደውለሽ «ነገ አድማ ቢመታ የልጆቼ ኢንሹራንስ እስከ ስንት ቀን ነው?» በይ፣ ቀኑንም ጽፈሽ ፍሪጅ ላይ ለጥፊው። መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለ ከአሁኑ አስሞዪለት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ልውጣ ወይስ ልግባ ላልሽው፣ ያንን እኔ አልወስንልሽም፣ ኪራይሽን የምከፍለው እኔ አይደለሁም። መግባት በህግ መብትሽ ነው። አባል እንደሆንሽ ከገባሽ ግን ዩኒየኑ በደንቡ መሰረት ሊቀጣሽ ይችላል፣ ስለዚህ ወደዚያ ካዘነበልሽ ሳትገቢ በፊት ስለ አባልነትሽ ጠይቂ፣ ገብተሽ አይደለም። የኔን ሀሳብ ከፈለግሽ፣ ድምፅ ሰጥተሻል፣ ሰው ሁሉ ሲል አልኩ ብትይም ሰጥተሻል፣ ከ9 ዓመት በኋላ ደግሞ አብረውሽ አልጋ ካነጠፉ ሴቶች አጠገብ አንገትሽን ደፍተሽ ማለፍ የሚቻልሽ አይመስለኝም። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። አንድ ነገር ግን ሞክሪ፦ ዓይንሽን ጨፍነሽ ያን የሰራተኛ በር አስቢው፣ አንድ ጊዜ ከውስጥ ሆነሽ፣ አንድ ጊዜ ከውጭ። የትኛው ላይ ነው ትንፋሽሽ የሚቆረጠው?

ወደ አክስትሽ ልጅ እንሂድ። ይሄን ከሁሉም በፊት፣ ዛሬ ማታ ጨርሺው። ባላወቀችው ነገር ልትቀየሚያት ጀምረሻል፣ ደብዳቤሽ ላይ ይታያል፣ እሷ ደግሞ እግዜር ሰማኝ ብላ ተኝታለች። ልጅቷ ጥፋት የለባትም። ተተኪ ሆኖ መግባት ወንጀል አይደለም፣ 5 ወር ሶፋ ላይ ተኝቶ እጅ እያዩ መኖርም ቀላል አይደለም። «እንዳትሄጂ» ብለሽ አትጀምሪ። ሻይ አፍልተሽ አጠገቧ ቁጭ በይና «ትናንት ያሳየሽኝ አድራሻ የኔ ስራ ቦታ ነው፣ አድማ ልንመታ ስለሆነ ነው የጠሯችሁ፣ ትናንት ስለደነገጥኩ ነው ዝም ያልኩሽ» በያት። ከዚያ ዝም በይ። ምናልባት ራሷ «እዚያስ አልሄድም» ትላለች። ካላለች ጠይቂያት፦ ስንት ያስፈልግሻል፣ ለማን ነው የምትልኪው፣ ሌላ ቦታ እስክታገኚ እኛ ምን እንሸፍንልሽ? ኤጀንሲዎች ብዙ ሆቴል ነው የሚልኩት። «ያኛው አይሆነኝም፣ ሌላ ቦታ ላኩኝ» ብላ መመለስ ትችላለች፣ ምክንያቷን መናገርም አይጠበቅባትም። ቴክስቱ «ለጊዜው» የሚለውንም አሳያት። አድማው ያበቃ ቀን የመጀመሪያዋ ተሰናባች እሷ ልትሆን ትችላለች፣ ያንን የሚነግራት ሌላ ሰው የለም።

ሰምታሽም እሄዳለሁ ብትልስ? ትልቅ ሰው ናት። ታዝኚባታለሽ፣ ግን ሶፋውን አትቀሚያት። አክስትሽ ጋር የሚደርሰው ወሬ ደግሞ በማን አፍ እንደሚደርስ አስቢ፣ ቀድመሽ ራስሽ ደውዪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ያንን ቴክስት እንዳትሰርዘው በያት። ድርጅቱ ነገ ተነስቶ «የቀጠርናቸው ቋሚ ናቸው፣ ቦታ የለም» ቢል፣ ቋሚ መሆናቸውን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው። ተተኪዎቹ ጊዜያዊ ከሆኑ ደግሞ እንመለሳለን ስትሉ ቦታችሁን ይዘው አይቀሩም። ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት «በቋሚነት» እያለ፣ ኤጀንሲው ለአክስትሽ ልጅ «ለጊዜው» ብሎ ጽፎላታል። ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም፣ ግን የዩኒየን ተወካይሽ ብታየው ዓይኗ ይበራል። ልጅቷ ፈቃደኛ ከሆነች ስሟንና ስልኳን ሸፍናችሁ ቀኑ እንዲታይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱት። የግድግዳውንም አንሺው፣ ነገ ምሳ ስትበዪ፣ ሳይነቅሉት።